ስለ ተሳለው በር፣ ከአንድ በር ሠሪ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኩባንያው የማኅበራዊ ኃላፊነት ዋና ዳይሬክተር
ከባሕር ማዶ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮ ባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም በየዓመቱ በሚያሳትሙት ባለ ቀለም መጽሔት ላይ አጠገብዎ ተቀምጦ ፎቶ የሚነሣው ያ ነጭ ውሻ፣ ሁላችሁም በደኅና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም በፋብሪካዎ አጥር ሥር የምንኖር ሰዎች ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆንንበትን ነገር ዝቅ ብዬ በቁጥር ስለማመለክት፣ እስከዚያ ድረስ ደኅና ናቸው ብለው እንዲይዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ ብረት በያጅ ነኝ። ከፋብሪካዎ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ ያለችው ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ የእኔ ናት፤ በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ እሠራለሁ። የሠፈሩ ሰው "ጠርጣራው" ይለኛል። ስሙን ያወጣችልኝ ባለቤቴ ናት፤ አንድ ሰው ጠዋት "እንደምን አደርክ" ካለኝ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ እስከ ምሳ ሰዓት እንደማብሰለስል ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ምን ላድርግ፣ አባቴ "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" እያለ ነው ያሳደገኝ። ትልቋ ልጄ ደግሞ በፋብሪካዎ የስፌት አዳራሽ ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ናት። ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ የምጽፈው ግን ስለ እሷ ነው።

ደብዳቤዬ በታሸገ ፖስታ መሆኑ ቀርቶ በአደባባይ የተለጠፈበትን ምክንያት ደግሞ ላስረዳ። በፋብሪካው መግቢያ ላይ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያዘዙኝ ከላይ ወረቀት የምታስገባ ቀዳዳ እንድትኖረውና ዙሪያው በሙሉ እንዲበየድ ነበር። መክፈቻውን በየት በኩል ላድርገው፣ ቁልፉስ ከማን ዘንድ ይሆናል ብዬ ብጠይቅ፣ የግዢ ክፍሉ ሰው ቁልፍ የሚባል ነገር እንደማያስፈልገው አስረግጦ ነገረኝ። እኔም የታዘዝኩትን በየድኩ፤ ጥርጣሬዬ የጀመረውም ያን ዕለት ነው። የሠራተኞቻችሁን ሐሳብ አንድም ወረቀት ሳይጠፋ እስከ ዛሬ ጠብቃችሁ ስላቆያችሁልን ከልብ እያመሰገንኩ፣ የእኔን ግን ውጭ ባደርገው ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ በሩ።

የስፌት አዳራሹ መግቢያም መውጫም አንድ በር ብቻ ነው። ሸሚዞቹን የሚገዙት የባሕር ማዶ ነጋዴዎች "የአደጋ ጊዜ መውጫ ካልተሠራ አንገዛም" አሉ ተባለና የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አስጠሩኝ። ሜትሬን ይዤ ገባሁ፤ የኋላውን ግድግዳ ለካሁ፤ በቡጢዬም መታ መታ አድርጌ አዳመጥኩት። ለመብሳት የማያስቸግር፣ ጨዋ ግድግዳ ነው። ዋጋዬን ተናግሬ "እንጠራሃለን" ተብዬ ተሸኘሁ። "እንጠራሃለን" የተባለ ሰው ምን ያህል እንደሚጠበቅ የታወቀ ቢሆንም፣ እኔ ሞኙ ብረቱን ገዝቼ ቆየሁ።

የተጠራው ግን ጎረቤቴ ሠዓሊው ነው። እጀ ወርቅ እንለዋለን። የጭነት መኪና ኋላ ላይ አንበሳ፣ የፀጉር ቤት መስኮት ላይ ባለ ሹሩባ ኮረዳ የሚስል ሰው ነው፤ በሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሳለውን ሙዳ የሠፈሩ ውሾች እስከ ዛሬ ቆም ብለው ሳያሸቱት አያልፉም። ልጄ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በር እንደተሠራላቸው ስትነግረኝ ቅናት አንገበገበኝና፣ ማን ሠራው፣ ላሜራው ምን ያህል ይወፍራል፣ ግድግዳውን ሲበሱ እንዴት ድምፅ አልሰማሁም እያልኩ አፋጠጥኳት። እሷም ዐይኗን ወደ መሬት ጥላ በቀለም የተሳለ መሆኑን ነገረችኝ። በመጀመሪያ ሳቅኩ፤ ባለቤቴም ሳቀች። ልጄ ግን አልሳቀችም።

ቆይቶ የማሽን እግር ልበይድ ተጠርቼ ስገባ በዐይኔ አየሁት፤ ብዋሽ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ያለ በር አይቼ አላውቅም። ማጠፊያው አለ፤ ብሎኖቹ አሉ፤ እጀታው ብርሃን ያረፈበት ይመስል ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ ቀጭን ጥላ ተጥሎለታል፤ ከላዩ ደግሞ ያ አረንጓዴው የሚሮጥ ሰው ምልክት ተሰቅሏል። በእጄ እስክዳብሰው ድረስ እኔ የበር ሰው የሆንኩት እንኳ ተጠራጥሬ ነበር። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው።

የእርስዎ ተቆጣጣሪ ከአገሩ ሳይነሣ፣ ከቢሮው ወንበር ላይ ሆኖ፣ አዳራሹን በስልክ ምስል ነው የሚያየው፤ ሥራ አስኪያጁም ስልኩን ከፍ አድርገው ይዘው ያዞሩታል። በሩ ስልኩ ላይ አምሮበት ታየ። ከዚያም በፋብሪካው ደጃፍ በተለጠፈው የምስክር ወረቀት ላይ፣ መውጫው ንጹሕ መሆኑና ከፊቱ የሚያደናቅፍ ዕቃ አለመቀመጡ ተመሰከረ። እኔም ይህ እውነት መሆኑን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ፤ ከፊቱ ምንም የለም፤ ከኋላውም ምንም የለም።

2ኛ/ ስለ ሁለቱ አገሮች ወዳጅነት።

የአገርዎ አምባሳደር ስለ ወዳጅነታችን ንግግር ሊያደርጉ ወደ አዳራሹ በመጡ ጊዜ፣ ከጠባቂዎቻቸው አንዱ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ግዙፍ ሰው፣ ጀርባውን ለተሳለው በር ሰጥቶ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ በሩን ሲጠብቅ ቆየ። በዚያ በር አንድም ጠላት አልገባም። ሰፊዎቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ልጄ የያዘችውን ኮሌታ አፏ ውስጥ ወተፈች። ጠባቂው ስላሳየው ትጋት ምስጋናዬ ባለበት ይድረሰው።

በዚያው ሰሞን እኔ ወደ ኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤታችን ሄድኩ። ኃላፊው በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ሻይም አዘዙልኝ። ስጨርስ ተነሥተው የቢሯቸውን በር (የእሳቸው ይዘጋል፣ ይከፈታል) ቀስ አድርገው ዘጉና፣ ጉዳዩ የሁለት አገሮችን ግንኙነት የሚነካ በመሆኑ ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ መከሩኝ። ኩባንያው የተቀየመ እንደሆነ ማሽኖቹን ነቅሎ ወደ ጎረቤት አገር እንደሚሄድ፣ ያን ጊዜ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ሥራ ፈት ሆነው እኔን እንደሚረግሙኝ አስረዱኝ። የሁለት ሕዝቦች ወዳጅነት አንድ ግድግዳ ቢበሳ የሚናድ ከሆነ ግንበኛው ማን ነበር ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ሻዩ ሳያልቅ አስነሡኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው እያልኩ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

3ኛ/ ስለ መተማመን።

ግድግዳው ያልተበሳበት ምክንያት የገንዘብ እጥረት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ኩባንያዎ በየዓመቱ ለሚያዘጋጀው የማኅበራዊ ኃላፊነት እራት የሚያስመጣውን አበባ አይቻለሁና። ምክንያቱ ከግድግዳው ኋላ የዕቃ ማከማቻው ግቢ መኖሩ ነው። እውነተኛ በር ቢከፈት ልጆቻችን ሸሚዝ በጉያቸው ሸሽገው በዚያ በኩል ይሾልካሉ ተብሎ ተፈርቷል። በአንዱ በር ግን ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ አንድ በአንድ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ይፈተሻሉ። ልጄ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ያንን በር ሳትፈተሽ ወጥታበት አታውቅም፤ ይዛ የወጣችውም የጀርባ ሕመም ብቻ ነው።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ይህን ያልኩት እንዲያው አፌ ላይ ስለመጣ ነውና በኩባንያዎ ላይ አይተርጉሙብኝ።

መጠርጠርን በተመለከተ ግን እኔና እርስዎ አንድ ዓይነት ሰዎች ሆነን በመገኘታችን ደስ ብሎኛል። እርስዎ ልጄን በአንድ ሸሚዝ ይጠረጥሯታል፤ እኔ ደግሞ ከበሩ ወዲህ በፋብሪካዎ ውስጥ ያለውን ሁሉ እጠረጥራለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ውስጡ ምን አለ? ጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ታንከር ውኃ ተሞልቶ ያውቃል? የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑስ እንደ እኔ ሣጥን ዙሪያውን የተበየደ ይሆን? በመጽሔትዎ ላይ ያ በር ፎቶው ወጥቶ፣ በሌሎች አገሮች ላሉ ፋብሪካዎቻችሁ ሁሉ አርአያ እንዲሆን ተብሎ ስመለከት ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ፤ በየአገሩ ስንት እጀ ወርቅ ይኖር ይሆን?

4ኛ/ ስለ ጢሱ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ።

ከምሳ በኋላ ነበር። በመተኮሻ ክፍሉ የአንዱ ማሽን ገመድ ተቃጠለና ጢሱ ስፌት አዳራሹን ሞላው፤ መብራትም ጠፋ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ፤ ቀና ስል ከጣሪያው ሥር ጥቁር ጢስ ይትጎለጎላል። መበየጃዬን ጥዬ ሮጥኩ፤ ጎማ ጠጋኙም፣ ባለቤቴም፣ መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሮጠ። ደጃፉ ስንደርስ ያየነውን ብነግርዎ ማጋነን እንዳይመስልዎ እፈራለሁ፤ ጥበቃዎቹ የተለወጠ ትእዛዝ ስላልደረሳቸው፣ ሴቶቹን እንደ ወትሮው አንድ በአንድ እየፈተሹ ነበር የሚያስወጡት። በዚያ ጢስ ውስጥ ኪስ ይዳበስ ነበር። ጮኽኩ፤ ድንጋይ አነሣሁ፤ ባለቤቴ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። በኋላ ሕዝቡ ገፍቶ በሩን አስለቀቀ። ከሚወጡት መካከል የልጄን ፊት ፈለግኩ። የለችም። ሌላ ይወጣል፣ ሌላ ይወጣል፤ እሷ የለችም።

ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው። ነባሮቹ ሠራተኞች የተሳለው በር ሥዕል መሆኑን ስለሚያውቁ ወደ ዋናው በር ሄዱ። በዚያ ሳምንት የተቀጠሩት አዳዲስ ልጆች ግን፣ በመጀመሪያው ቀን ሥልጠና አደጋ ቢመጣ አረንጓዴውን ምልክት ተከተሉ ተብለው ነበርና፣ እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ ግድግዳው ሮጡ። ልጄ ዋናው በር ጋ ልትደርስ ስትል ዞር ብላ አየቻቸው፤ አንዷ በሌላዋ ላይ እየተደራረቡ ግድግዳውን ይገፋሉ። ተመለሰች። "ሥዕል ነው! ሥዕል ነው!" እያለች እየጮኸች፣ በፀጉራቸውም በቀሚሳቸውም እየጎተተች ወደ ዋናው በር ነዳቻቸው። እሷ የወጣችው በመጨረሻ ነው፤ ከሁሉ ትንሿን አዲስ ገቢ ወገቧን አቅፋ፣ ሁለቱም ከሰል መስለው።

ማንም አልሞተም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ኩባንያዎ ባወጣው መግለጫ ላይ ግን ምስጋናው የተሰጠው "ለተዘረጋው የደኅንነት ሥርዓት" ነው። ያ ሥርዓት የእኔ ልጅ ከሆነች እስካሁን እንደምታስል ለእርስዎ ማሳወቁ ተገቢ መሰለኝ።

5ኛ/ ስለ ተሰጣት ሽልማት።

ልጄ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ጠዋት ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ጥፋቱ፣ የተሳለው በር ቀለም በጥፍር ተቧጭሮ በመገኘቱ፣ የኩባንያውን የደኅንነት መሣሪያ ማበላሸት የሚል ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ አይደለምን? የቧጨረችው እሷ አለመሆኗ ይቅርና፣ ቢሆን እንኳ፣ በር የሚባል ነገር ሲነኩት የሚበላሽ ከሆነ ምኑ በር ነው? ብረት ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ወዲያው ተከተለ። ልጄ ከጢሱ ቀን ወዲህ አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች በየጠዋቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጠጋ ብላ፣ በሩ ሥዕል መሆኑን በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። ይህ የኩባንያውን ምስጢር ማባከን ነው ተባለ። አንዴ ብትደግም ትባረራለች።

ሥራውን እንድትተው ነገርኳት። ቆጣ ብዬ፣ ቀጥሎም ለምኜ፣ እናቷንም ልኬ ነገርኳት። እሷ ግን ጫማዋን እያሰረች፣ "አባዬ፣ እኔ ከወጣሁ ለአዲሶቹ ማን ይነግራቸዋል?" ብላኝ ሄደች። እንዲህ ያለች ልጅ በማሳደጌ ኮራሁ፤ በዚያው አፍታ ደግሞ ባላሳደግኳት ብዬ ተመኘሁ። በየጠዋቱ ወደዚያ አዳራሽ ስትሄድ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሜ አያታለሁ፤ እስክትወጣ ድረስም ሥራ የሚባል ነገር በእጄ አይገባም። ፈርቻለሁ፤ ክቡርነትዎ፣ በግልጽ ልንገርዎት፣ በጣም ፈርቻለሁ።

6ኛ/ ስለ አዲሱ ማሻሻያ።

ስድስተኛ ቁጥር ላይ እደርሳለሁ ብዬ አልነበረም፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት እጀ ወርቅ ወደ ሱቄ መጥቶ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ያቀረብኩለት ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ። እንደምንም አባብዬ ባናግረው፣ ሥራ አስኪያጁ የተቧጨረውን ቀለም እንዲያድስላቸው፣ በዚያውም በሩን ገርበብ ብሎ የተከፈተ አስመስሎ እንዲስለው እንደጠየቁት ነገረኝ። በስንጥቁ በኩል ትንሽ ብርሃን፣ ከተቻለም የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ይታይ ተብሏል፤ በቅርቡ ለሚመጡት እንግዶች ዐይን እንዲያርፍበት። እጀ ወርቅ ብሩሹን ይዞ ሄዶ ነበር። የጥፍሩን ጭረት እጀታው ዙሪያ ሲያየው ግን ቀለሙን እዚያው ትቶ ወጣ። ለሃያ ዓመት የማውቀው ተጫዋች ሰው፣ ያን ቀን አንድ ቀልድ ከአፉ ሳይወጣ ተነሥቶ ሄደ።

ያቺ ከሁሉ ትንሿ አዲስ ገቢም መጥታ ነበር፤ ከእኛ ቤት ጀርባ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ልጄን ልታመሰግን ነው የመጣችው፤ ነገር ግን ከምስጋናው ይልቅ ይቅርታ ነበር የምትጠይቀው። ኋላዋ የነበሩትን ሁሉ ያስጨነቀቻቸው እሷ መስሏት ነው። በሩ አልከፈት ሲላት አቅም አንሷት መስሏት ነበር፤ "ትንሽ ጉልበት ቢኖረኝ ኖሮ" እያለች አለቀሰች። ባለቤቴ ደረቷ ላይ ለጥፋ አቀፈቻት። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁና አጥሩን ይዤ አለቀስኩ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሥራ አስኪያጁ ስለ እኔ ምን እንደሚሉ ሰምቻለሁ። በሩን የመሥራት ዕድል ስላመለጠው የተቃጠለ ነጋዴ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ተቃጥያለሁ። በቀለም መበለጥ ለብረት ሠሪ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ጥርጣሬያቸውን ለማስወገድ ስል፣ በገዛሁት ብረት በሩን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ዋጋ አልጠይቅም፤ ለኩባንያዎ ስጦታ ነው። ከድሀ ሠፈር ወደ ባለጸጋ ኩባንያ የሚሄድ የማኅበራዊ ኃላፊነት ስጦታ ያልተለመደ ቢሆንም፣ በመጽሔትዎ ላይ እንዲወጣልኝ አላስቸግርም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግድግዳው እንዲበሳ ይፍቀዱልን። ስለ በሩ እስካሁን አልሰሙ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሰምተዋልም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሁለቱም ያስፈሩኛል፤ ሁለተኛው ግን ይብሳል። አንዳንዴማ ባለቤቴ እብድ ነህ እስክትለኝ ድረስ፣ ከነጭ ውሻዎ ጋር ያለውን ፎቶዎን እያገላበጥኩ፣ እርስዎስ በእውነት አሉ ወይስ እርስዎንም አንድ እጀ ወርቅ ነው የሳለዎት እላለሁ። ካሉ፣ እባክዎ ድምፅ ያሰሙን።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቢሮዎ ሰፊ መስኮትና ወደ ውጭ የሚከፈቱ ብዙ በሮች እየተመኘሁ፣ የብየዳ መነጽሬን አውልቄ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ በፋብሪካዎ ጀርባ የሚኖር፣ የኮሌታ ሰፊዋ አባት፣

ጠርጣራው በር ሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎ የዘገየ እንደሆነ ለሥራ ብዛት ቆጥረነው፣ በመጪው ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኖቹ ሳይነሡ፣ በሩን ተሸክመን እንመጣለን። የሰፊዎቹ አባቶች፣ ወንድሞችና ባሎች ተስማምተናል፤ ከመካከላችን ግንበኞች አሉ፤ ጎማ ጠጋኙ መዶሻ ያመጣል፤ እጀ ወርቅም ብረቱን ቀለም ልቀባ ብሏል። ጥበቃዎቹ ሊፈትሹን ቢፈልጉ፣ የምናስገባው እንጂ የምናወጣው ዕቃ እንደሌለን ይንገሩልን። ስለ ሸሚዞቹም አይሥጉ፤ በሩ ከውጭ በኩል እጀታ የለውም፤ ሾልካ የወጣች ተመልሳ አትገባበትም። ከውስጥ ግን ዝቅ አድርጌ የሠራሁለት መግፊያ አለው፤ ከሁሉ ትንሿ አዲስ ገቢ በክርኗ ነካ ብታደርገው ይከፈታል፤ ሱቄ ድረስ መጥታ ሞክራዋለች። ግድግዳውን የት ጋ እንደምንበሳም አንቸገርም፤ ቦታውን እርስዎ አስቀድመው ቀለም አስቀብተው አስምረውልናል።